ለግርማ፣ የመኪናችንን ባትሪ ከቀየርኩ በኋላ

ግርሜዬ፣

ከተለየኸን አንድ ክረምት አልፎ ሌላው እየገባ ነው። አሰላ ላይ ከሰዓት ጉሙ ይወርዳል፤ ያጠብኩት ልብስ ሳይደርቅ ይውላል። እኔ ደህና ነኝ፣ ግን ደክሞኛል። ተኝቼም ድካሙ አይለቀኝም።

እናትህ ከእኔ ጋር ናቸው። ግቢያችን አጠገብ መኪና በቆመ ቁጥር አሁንም ቀና ብለው በሩን ያያሉ።

የልብስ ንግዱን ትቼዋለሁ። አልጋና ምድጃ የሠራህላት ሚኒባሳችንም ከዚያን ቀን ወዲህ ከግቢ አልወጣችም። በየገበያው ስንዞር የምናድርባት፣ የምንበላባት ቤታችን ነበረች። ጎበሳ ገበያ ላይ ታመህ፣ አልጋው ላይ አስተኝቼህ ወደ አሰላ ስነዳ ከኋላዬ «ቀስ በይ፣ ጉድጓድ አለ» ትለኝ ነበር። ሳጉሬን ካለፍን በኋላ ድምፅህን አልሰማሁም። ከዚያ ወዲህ የኋላ በሯን መክፈት አቃተኝ።

ሰሞኑን ከኢተያ ባልና ሚስት ነጋዴዎች ሊገዟት መጡ። ሰውየው ቁልፉን ሲያዞር ማስነሻው ሞተሪኖ አንዴ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ «ከኔ መኪና በገመድ እናገናኛትና ትነሳለች» አሉ። የጋቢናውን ወንበር ሲያነሱት ግን ከሥሩ ያለው ባትሪ ጎኑ አብጧል። ያበጠ ባትሪ ይፈነዳል፣ ከሌላ መኪና ኃይል አይሰጠውም ትል አልነበር? እምቢ አልኳቸው። ገዢዎቹንም ሌላ ቀን ተመለሱ አልኳቸው።

በማግስቱ ልክ የአሮጌውን ዓይነት አዲስ ባትሪ ገዝቼ መጣሁና የፈራሁትን በር ከፈትኩት። ብርድ ልብስህ እንደነበረ ነው። የምድጃውን ጋዝ ከሲሊንደሩ ላይ ዘጋሁ፤ ከኋላ ለአልጋው መብራት ያስገባኸውን ሁለተኛውን ባትሪም አላቀቅሁት። ጓንትህን ላጠልቅ ስል ቀለበቴን አየሁት። መፍቻና ቀለበት ባትሪ ላይ ከተነካኩ ጣት ያቃጥላል እያልክ የራስህን አውልቀህ እኔን ታስይዘኝ ነበር። እኔ ግን ከቀበርንህ ወዲህ አውልቄው አላውቅም። የመኪናዋ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

እናትህ ከበረንዳው ሲያዩኝ ቆይተው በዱላቸው እየተደገፉ መጡና መዳፋቸውን ዘረጉልኝ።

«አምጪው ልጄ፣ እኔ እይዝልሻለሁ» አሉ።

ሰጠኋቸው። ጨብጠው ያዙት።

መጀመሪያ ጥቁሩን ገመድ ፈታሁ፣ ቀጥሎ ቀዩን። አሲዱ እንዳይፈስ አሮጌውን ሳናጋድል ከኦቦ ገመቹ ጋር ተጋግዘን አወጣነው። ገመዶቹ ጫፍ ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር ጠረግሁ። አዲሱን አስቀምጬ እንዳይነቃነቅ አሰርኩት፤ ስገጥም ቀዩን አስቀድሜ ጥቁሩን የመጨረሻ አደረግሁ። ብሎኖቹ መጥበቃቸውን ደጋግሜ ነካክቼ አየሁ።

ቁልፉን ሳዞር ተነሳች። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ የመጣብኝ ግን ድካም ነው። ሞተሩን አጥፍቼ አልጋህ ላይ ጋደም አልኩና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳያየኝ አለቀስኩ። እናትህ ደጁ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ስወርድ ቀለበቱን ራሳቸው ጣቴ ላይ መለሱልኝ።

ባልና ሚስቱ ተመልሰው መጥተው ወሰዷት። ሴትየዋ አልጋውን ዳሰስ አድርጋ «ማን ነው የሠራው?» አለችኝ። ባለቤቴ ነው አልኳት። ነበር ማለት አልመጣልኝም። እሷም ባትሪ መቀየር ሊገጥማት ይችላልና የትኛውን ገመድ አስቀድማ እንደምትፈታ አሳየኋት።

መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ባዶውን ሲቀር እናትህ «ጎመን እንዘራበት» አሉ። ዛሬ መቆፈር ጀመርኩ። መሬቱ በመኪናዋ ክብደት ተጠቅጥቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ቶሎ ቶሎ አርፋለሁ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ጓሉን በእጃቸው ይፈረፍራሉ። አንዳንዴ ስለ ልጅነትህ ይነግሩኛል፤ እኔ ደግሞ እሳቸው የማያውቁትን፣ የመንገዱን እነግራቸዋለሁ።

ግርሜ፣ ንግዱንም መንገዱንም ትቻለሁ፤ አንተን መተው ግን አልችልበትም። እሳቸው እስካሉ ስለ አንተ እየነገርኳቸው እኖራለሁ። እሳቸው የሄዱ ቀን ደግሞ የእሳቸውንም የእኔንም ትዝታ ይዤ የምቀረው እኔ ነኝ።

ሚስትህ አስቴር