የጎፈሬ የቤት ሥራ

ይድረስ ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ እኛ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ማንንም ሳልለምን በገዛ እጄ ጻፍኩት። ፊደሌን አይተሽ ቅኚ! የማታ ትምህርቱን አንደኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ፤ ጸጉር ቤቴ የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ አሁን ጋዜጣ ካላነበብኩለት አይላጭም።

ያናደደኝ የልጄ ትምህርት ቤት ነው። አንቺ «ጎፈሬ» ያልሻት ልጄ ገና ሁለተኛ ክፍል ሆና የሚጭኑባት የቤት ሥራ ለአህያም ይበዛል። ከትምህርት ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ትጀምራለች፤ እራቷ አጠገቧ ይቀዘቅዛል። እኔን ግንድ የማክለውን ሰውዬ እንኳ የማታው አስተማሪዬ «ደክሞሃል፣ ነገ ትሠራዋለህ» ይለኝ ነበር! ሄጄ አስተማሪዋን፣ «ይህች ልጅ መቼ ትጫወት?» ብላት፣ «ሌሎቹ ወላጆች እኮ ጨምሩልን ነው የሚሉት» አለችኝ። «እንግዲያው እነሱ ይሥሩታ!» ብዬ ጮህኩ። ዘበኛው ነው ጎትቶ ያስወጣኝ።

ጸጉሯን አሳጥሬላታለሁ፤ ለሙቀቱ ነው ብያታለሁ። ሒሳቡ ሲከብዳት ጣቷ ወደ አናቷ ይሄዳል፤ ከደብተሯ ላይ ጸጉር የማራግፈው እኔ ነኝ። በጸጉር ጉዳይ እኔን የሚያህል ባለሙያ በሠፈሩ የለም፤ ቢሆንም ልጠይቅሽ፦ በእኛ ዘር በልጅነቱ አናቱ የሳሳ ሰው ነበር እንዴ? ደግሞ እስከ ጆሮዋ የሚወርድ ኮፍያ ሥሪላት። ብርድ እንኳ የለም።

ጎፈሬ ትስምሻለች። እሷም «ለአክስቴ ልጻፍላት» ብላ ነበር፤ «ዛሬስ ጣትሽ ይረፍ» ብዬ እርሳሱን ደበቅኩባት።

ደህና ሁኚልኝ፣
የተማረው ወንድምሽ