ጭስ የማያውቀው ጎተራ

የካቲት 11
አጥር ስጠግን ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ። ባሕር ማዶ ያለችው አጋር ቤተ ክርስቲያን የጋራ የዘር ጎተራ ልታሠራልን ነው። ዘሩን ላስገባ ማዳበሪያ ይሰጠዋል። “ድህነታችን ከአያያዛችን ነው” አሉን መጋቢው። አርባ ዓመት ያረስኩት ለካ አያያዝ ሳላውቅ ነው...

የካቲት 19
ጎተራው ቆመ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ። መስኮት የለውም። ንፋስ በየት ይግባ? መጋቢውን ጠየቅኳቸው። ፕላኑን የላኩት አጋሮቹ ናቸው አሉ። ፕላኑን የሳለው ሰው በቆሎ የሚያውቀው ሳህን ላይ ይሆናል።

የካቲት 26
የወንድሜ ልጅ ዘሯን አስረከበች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ማሳውን ብቻዋን የያዘች ልጅ። ከምድጃዋ በላይ ተሰቅሎ ጭስ የጠገበውን፣ ነቀዝ የማይደፍረውን በቆሎ አውርዳ፣ ፈልፍላ፣ በጆንያ ሞልታ።
“ስታወጪው ጨው ይዘሽ ሂጂ” አልኳት፣ “ተቆልቶ ይጠብቅሻል።”
እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጆንያዋን ተሸክማ ሄደች። የእኔ ከተሰቀለበት አልወረደም።

መጋቢት 9
ምርቃት። እንግዶቹ ሪባን ቆረጡ። አንዱ ቤቴ ገብቶ፣ ጭሱ አስሎት ወጣ። የጠቆረውን ጣሪያዬን ፎቶ አነሳ፤ ከጎተራው ፎቶ ጎን ሊያስቀምጠው። ለካ የእኔ ቤት “በፊት” ነው፤ ጎተራው “በኋላ”። ደስ አለኝ፣ ሰው ሳይሞት ታሪክ ሲሆን...

ሚያዝያ 14
ዝናብ ጣለ። ጎተራው ተከፈተ። ሽታው በሩ ላይ መለሰን። ቆርቆሮው ከውስጥ እያላበው ጆንያዎቹ ላይ ሲንጠባጠብ ከርሟል። ሻጋታ ብቻ። መጋቢው ለአጋሮቹ ደብዳቤ እንጽፋለን አሉ። ዝናቡ መልስ ይጠብቅ ይሆን?
የወንድሜ ልጅ ቤቴ መጣች። አልጮኸችም።
“አጎቴ፣ ታውቅ ነበር?”
“ነግሬሽ ነበር እኮ።”
“አልነገርከኝም። አሳቅከኝ እንጂ።”

ሚያዝያ 15
ከምድጃዬ በላይ የተሰቀለውን በቆሎ ስቆጥር ዋልኩ።

ሚያዝያ 17
በቆሎዬን አውርጄ እኩል ተካፈልን። የእሷም የእኔም ማሳ ግማሹ ጦሙን ያድራል። የሌላው ሰው ደግሞ ጭራሽ...

ግንቦት 2
ስብሰባ። አጋሮቹ አዝነዋል። ጎተራው ቀለም እንዲቀባ ፈቅደዋል። ቀለም!
ተነሳሁ። ገና አፌን ሳልከፍት ሰዉ መሳቅ ጀመረ፤ ቀልድ ለምዶብኛል።
“መስኮት ካልወጣለት አንድ ፍሬ አናስገባም” አልኩ።
የባሰ ሳቁ። የወንድሜ ልጅ ብቻ አልሳቀችም። ሳቁ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ ደግሜ ተናገርኩ።