ሦስተኛው ልመና

ሰኞ፣ ልደታ

ጉድ ሆነናል! አያ ደምሌ «አይገባኝም» አሉ። በዛሬው የዕጩዎች ስብሰባ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆመው፣ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ «እኔ ለዚህ የምበቃ ሰው አይደለሁም፤ ከእኔ የሚሻል ሞልቷል» ብለው ቁጭ። ካድሬው ደስታውን መደበቅ እንኳ አልቻለም። «ዕጩው ራሳቸውን አግልለዋል» ብሎ እዚያው ጻፈ። አበቃ።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። እሑድ የሸንጎ ምርጫ ነው። ለኛ ሦስት ዕጩዎች አሉን፤ ሦስቱንም ያቀረበው ያው አንዱ ፓርቲ ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ሲባል ለእያንዳንዳቸው የእንስሳ ምልክት ተሰጥቷል። ዝሆኑ የካድሬው ወዳጅ ነው፤ የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ። ጎሹን ማንም አያውቀውም፤ እሱም እኛን አያውቀንም። ቀጭኔው አያ ደምሌ ናቸው፣ በገነተ ማርያም በኩል የገበሬ ማኅበሩ ዳኛ። ስማቸው እንዴት እንደገባ እግዜር ይወቅ። ለማሟያ ይመስለኛል።

በድርቁ ዘመን ሰውን በግድ ለሰፈራ ሲጭኑ፣ መኪናው ፊት ቆመው «ያልወደደ አይሄድም» ያሉት እሳቸው ናቸው። ታሰሩ። ወጡ። ሲወጡም ያው ነበሩ።

እኔ ብዙ አልፈልግም። አዲስ አበባ፣ በዚያ በሸንጎው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ ሰው ተነሥቶ «ያልወደደ አይሄድም» ቢል ይበቃኛል። ስንት ቀን ነው ይህን እያሰብኩ ጠመኔ በእጄ ይዤ ፈዝዤ የቀረሁት! ተማሪዎቼ እንኳ «እትዬ፣ ምን ሆኑ?» ይሉኛል። አሁን ግን ምኞቴን ውኃ በላው።

የሰኔ ጾምም ዛሬ ገባ። የበላሁት ሽሮ አልወርድ አለኝ።

ማክሰኞ

ጉሙ ከአሸተን ተራራ ወርዶ መንደሩን ዋጠው። ትምህርት ቤት ስሄድ የማየው የራሴን እግር ብቻ ነበር። ደስ ይለኛል እንዲህ ሲሆን። ከጉሙ ስወጣ ሌላ አገር የማገኝ ይመስለኛል፤ ሰው ጮክ ብሎ የሚያወራበት፣ ሬዲዮ ሲከፈት ማንም ወደ በር የማያይበት። ጉሙ ሲገለጥ ያው የቀበሌው ባንዲራ፣ ያው የቀበሌው በር።

የአያ ደምሌን ነገር ስነግራቸው አባባ ግን ሳቁብኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ሲስቁ ጢማቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

«ታዲያ እሺ ይበል ኖሯል? ገና አንድ ጊዜ ሳይለመን?»

ለካ እሳቸው ገበዝ ሲሾሙ አሸተን ማርያም ወጥተው ዋሻ ውስጥ ተደብቀው ነበር። ካህናቱ ሄደው ለመኗቸው፤ እምቢ አሉ። ደግመው ሄዱ፤ እምቢ አሉ። እሺ ያሉት በሦስተኛው ነው። «ሹመትን በመጀመሪያው ልመና የሚቀበል ሰው፣ ከዕቃ ቤቱ ምን እንዳማረው መጠየቅ አለበት» አሉኝ። አያ ደምሌም የቤተ ክህነት ልጅ ናቸው፤ እስከ ቅኔ ቤት ደርሰዋል። ወጉን ያውቃሉ።

«አባባ፣ ካድሬው እኮ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። እሱ የሚያውቀው የጻፈውን ነው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። አቤት ንዴቴ!

ረቡዕ

ካድሬው አስተማሪዎችን ሰበሰበን። የምርጫ ካርዱ ታትሞ የመጣው ከአዲስ አበባ ስለሆነ የቀጭኔው ሥዕል አይፋቅም። ስለዚህ በየጣቢያው የምንመደብ አስተማሪዎች፣ ለሚመጣው መራጭ ሁሉ «ቀጭኔው ወጥቷል» ብለን እንድንናገር ታዘዝን። እኔ የገበያው አጠገብ ያለው ጣቢያ ደረሰኝ።

«ጓድ መምህርት፣ ሰዉ የአንቺን አባት ያከብራል። አንቺን ይሰማል» አለኝ።

ጌታሁን፣ አጠገቤ ያለው ክፍል አስተማሪ፣ ስንወጣ በጆሮዬ «ምን ያስጨንቅሻል? ዝሆንም ቀጭኔም የአንድ ሰውዬ ከብቶች ናቸው» አለኝ። እውነቱን ይሆናል። ሦስቱንም የሰጡን እነሱ ናቸው፤ ይህንንም ምርጫ ብሎ መጥራት ያሳፍራል። ግን አንዲት ቀዳዳ ብትገኝስ? በሩ ስላልተከፈተ መስኮቱን ልድፈነው? ይህን ልመልስለት ፈልጌ ነበር፤ ካድሬው ከኋላችን ስለነበር ስለ ዝናቡ አወራሁ።

ሐሙስ

ሁለት ሆነ! አባባ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው አያ ደምሌን ሊለምኑ ሄደው ነበር። እርሻ ላይ አገኟቸው። በሬያቸውን አቁመው ሰሙና «የገዛ ልጆቼን በቅጡ ያላስተዳደርኩ ሰው አገር ላስተዳድር? ተዉኝ» ብለው መለሷቸው። አባባ በዝናብ በስብሰው፣ ሙሽራ እንደሸኘ ሰው እየፈነደቁ ገቡ። እኔ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

«አንድ ነው የቀረው» ይላሉ ጋቢያቸውን እየጨመቁ።

«ማነው የሚለምናቸው አንዱን? እሑድ እኮ ደረሰ!»

«እግዜር ያውቃል።»

ዓርብ፣ አቦ

በሕልሜ ትልቁ አዳራሽ እኛ መንደር ነበር። ጣሪያ የለውም፣ እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ወደ ታች የተፈለፈለ። ሰዉ ከላይ ዳር ዳሩን ተቀምጦ ያዳምጣል። እታች መሐሉ ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ አልለየሁትም፤ ድምፁ ግን ሳይጮህ ይሰማ ነበር። እኔም ወረድኩ። ምን እንደተናገርኩ አላስታውስም። ብቻ ስናገር አልፈራሁም። ስነቃ የደረቴ ቅለት! እስከ ረፋድ ድረስ አብሮኝ ቆየ።

ከዚያ ፍርሃቴ ተመለሰ። «ቀጭኔው ወጥቷል» ካላልኩ ሥራዬ ይሄዳል፤ መታሰርም አለ። ካልኩ ደግሞ በየትኛው ዓይኔ አያ ደምሌን አያለሁ?

ቅዳሜ

የገበያ ቀን። ሰው ሁሉ ስለ ምልክቶቹ ያወራል። ቀጭኔ የት አይተው ያውቃሉ! «አያ ደምሌ የትኛዋ ናቸው?» «ያቺ አንገተ ረጅሟ ግመል።» «ግመል ሻኛ የላትም እንዴ?» «በድርቁ ከስታ ነው!» ሳቄ አመለጠኝ።

ገብስ የምትሸጥ አንዲት ሴት ወደ እኔ ዞራ «እትዬ፣ አያ ደምሌ ስብሰባው ላይ ምን አሉ ነው የሚባለው?» አለችኝ።

«አይገባኝም አሉ።»

ሴትዮዋ ደረቷን ደቃች። «አዬ ጨዋ! ጨዋ ልጅ እኮ ናቸው!»

እዚያው ቀረሁ። ዝናቡ ሲጀምር እንኳ አልተነቃነቅሁም። እኔ ሞኟ፣ ሳምንቱን ሙሉ የካድሬውን ቋንቋ ሳሰላስል ከረምኩ። ለካ መዋሸት አያስፈልገኝም፤ እምቢ ማለትም አያስፈልገኝም። ያሉትን እንዳሉት መናገር ብቻ ነው!

እሑድ፣ ሥላሴ

ሰዉ ከቅዳሴ በቀጥታ መጣ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ። ካድሬው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያው መራጭ ሲገባ ካርዱን ከፍ አድርጌ አሳየሁት።

«ይህ ዝሆን ነው። ይህ ጎሽ ነው። ይህ ቀጭኔ አያ ደምሌ ናቸው። አያ ደምሌ በስብሰባ ተጠይቀው ‹አይገባኝም፤ ከእኔ የሚሻል ሞልቷል› ብለዋል። ሽማግሌም ሄዶ ለምኗቸው እምቢ ብለዋል።»

ካድሬው አንገቱን ነቀነቀ፤ ደስ ብሎታል። መራጩ ሰውዬ ደግሞ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ካርዱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ መጋረጃው ገባ።

ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ደገምኩ። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ወጣልኝ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ባልቴት በዱላ እየተደገፉ መጡ። ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙኝና፣

«ስንት ጊዜ ነው እምቢ ያሉት፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ሁለት ጊዜ፣ እማማ።»

«እንግዲያ ሦስተኛውን እኛ እንለምናቸዋ!» ብለው ካርዱን ከእጄ ቀሙኝ።

ካድሬውን አየሁት። ሲጋራውን እያቀጣጠለ ነበር። አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ አልገባውም። እኔ አፌን በነጠላዬ ይዤ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። የሥላሴ ያለህ፣ እንዲህ ሆኜ አላውቅም፤ ሳቅም ነው፣ ልቅሶም ነው።

ሲመሽ ካርዱ ተቆጠረ። ዝሆኑ ጥቂት። ጎሹ ከዚያም ያነሰ። ቀጭኔው ክምር።

ሰኞ

ካድሬው በማለዳ መጣብኝ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «አልነገርሻቸውም እንዴ?» «ነግሬያለሁ፤ ቃል በቃል። እርስዎም ነበሩ» አልኩት። የካርዱ ሳጥን ወደ አውራጃ ሳይሄድ አያ ደምሌን በሰው ፊት ጠይቆ እምቢታቸውን በቃለ ጉባኤ ሊያስፈርም አሰበ። ጸሐፊ አድርጎ የወሰደኝ እኔን! በመኪናው ሄድን። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር፤ በሕልሜ ውስጥ የምጓዝ ነበር የሚመስለኝ።

አያ ደምሌ እያረሱ ነው። መኪና ሲያዩ ጎረቤቶቻቸው ከየእርሻው ተሰበሰቡ። ካድሬው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓድ ደምሌ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎ። የሸንጎ አባልነቱን ይቀበላሉ ወይስ አይቀበሉም?»

ልመና ነው እኮ! በገዛ አፉ ሦስተኛውን ለመናቸው!

አያ ደምሌ በሬዎቹን አቆሙ። ጅራፋቸውን ሞፈሩ ላይ አጋደሙ።

«ሦስተኛ ከተለመንኩማ ምን እላለሁ። እሺ።»

«እንዴ! ሁለት ጊዜ እምቢ ብለው የለም እንዴ?»

«እሱማ ወጉ ነው፣ ልጄ» አሉት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ።

እልልታው ጉሙን የቀደደው መሰለኝ። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ በትልቁ «እሺ ብለዋል» ብዬ ጻፍኩ። ምስክሮቹ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ካድሬውም ፈረመ፤ ምን ያድርግ።

አሁን ቤት ነኝ። ሳጥኑም ወረቀቱም ወደ አውራጃ ሄደዋል። እዚያ ምን እንደሚያደርጉት አላውቅም። ሊሰርዙት ይችላሉ፤ ካድሬውም ዛሬን አይረሳልኝም። ስፈራ እፈራለሁ። ግን ከመኪናው ልገባ ስል አያ ደምሌ ጠጋ ብለው የጠየቁኝ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

«ልጄ፣ እዚያ አዳራሽ ሰው የሚናገረው ተቀምጦ ነው ቆሞ?»

«ቆመው ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ አያ ደምሌ።»

«ደኅና» አሉኝ ጅራፋቸውን እያነሡ፤ «መቆሙን እችልበታለሁ።»