ለአልማዝ ያልነገርኳት ሎተሪ

ሰኞ

ሐሙስ የፍቺውን ወረቀት ትፈርማለች። ጠበቃዬ በምሳ ሰዓት ደውሎ ነገረኝ። ከሃያ ሁለት ዓመት ትዳር በኋላ አልማዝ ከእኔ ምንም አልጠየቀችም። እሷ ያላትን ትይዛለች፣ እኔም ያለኝን። «እንዲህ ያለ ቀላል ጉዳይ ገጥሞኝ አያውቅም» አለኝ። አመስግኜ ዘጋሁና መጋዘን ውስጥ ወደምነዳው ፎርክሊፍት ተመለስኩ። እስከ መውጫ ሰዓት የቲማቲም ጣሳ ስጭን ዋልኩ።

ጠበቃው የማያውቀውን እዚህ ልጻፈው። ሚያዝያ ላይ ሎተሪ ወጥቶልኛል። ስምንት ሚሊዮን ዶላር። ቲኬቱን የገዛሁት ፊንች መንገድ ላይ ካለ ቤንዚን ማደያ ነው፤ አልማዝ መኪና ውስጥ ሆና ትጠብቀኝ ነበር። በማግስቱ ቁጥሩን ሳየው መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ግማሹ የእሷ መሆኑ ነው። ደስታው ከዚያ በኋላ መጣ፣ እሱም ብዙ አልቆየም።

ማክሰኞ

ለመለያየት ምክንያት ያስፈልገኝ ነበር። አልማዝ ምክንያት የምትሰጥ ሴት አይደለችም። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ዝናብ ሲሆን አንድ የሥራ ባልደረባዋ በመኪናው ያደርሳታል። ሰበብ ያደረግሁት እሱን ነው። ግንቦት ላይ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ሽማግሌዎች ፊት፣ ሚስቴ ከሰው ጋር ናት አልኩ። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ።

ከሦስቱ ትልቁ ጋሽ በቀለ ናቸው። «በዓይንህ አይተሃል?» አሉኝ።

«አይቻለሁ።»

አልማዝ እዚያው ተቀምጣ ነበር፤ አላለቀሰችም። ጫማዋን ነው ያየችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ረግጣ አታውቅም።

እኔ ጄን ኤንድ ፊንች ካለው አፓርታማችን ወጥቼ ኤግሊንተን ዌስት ላይ ከመሬት በታች ያለ ቤዝመንት ተከራየሁ። ቲኬቱ ፓስፖርቴ ውስጥ ነው። ገንዘቡን የወሰደ ሰው ስሙና ፎቶው በጋዜጣ ስለሚወጣ ፍቺው እስኪፈረም መጠበቅ ነበረብኝ። ስድስት ወር ጠበቅሁ። የቤዝመንቱ ጣሪያ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሸሚዝ ስለብስ እጄ ይመታዋል።

ረቡዕ

ልጄ ሊዲያ ኮል አደረገችልኝ። ሃያ ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። «ዳድ፣ አር ዩ ኢቲንግ?» አለችኝ። እበላለሁ አልኳት። እናቷ የደም ግፊት መድኃኒቴን ሪፊል አስደርጋ እንደገዛችልኝ ነግራኝ ዘጋች።

ዛሬ ያሰብኳቸው፦ ሐይቁን የሚያይ ኮንዶ። ጥቁር መኪና። ሥራ መልቀቅ። ጥርሴን ማሠራት። አንዱም ምንም አላለኝም። ኮንዶው ውስጥ ራሴን ሳስበው ሁልጊዜ ቆሜ ነው፤ ወንበር የለም።

ሐሙስ

ፈረመች።

የእሷ ጠበቃም ቢሮው ውስጥ ነበረች። ያልተገለጸ ሀብት አለ ወይ ብላ ሁለታችንንም ጠየቀችን። «የእኔን ሁሉ እሱ ያውቃል» አለች አልማዝ። እኔ «የለም» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ይንቀጠቀጣል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ሊፍት ውስጥ መድኃኒቱን ሰጠችኝ። «ጠዋት ጠዋት ነው፣ ከምግብ በኋላ» አለችኝ፣ እዚያ መጦሪያው ውስጥ ለሚተኛ ሰው እንደምትነግር። ብሉር መንገድ ላይ ተለያየን። ወደ ሰብዌይ ባቡሩ ስትወርድ አየኋት። ጉልበቷን ያማታል መሰለኝ፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ነው የወረደችው።

ዓርብ

ፈቃድ ወስጄ ገንዘቡ ወደሚከፈልበት ቢሮ ሄድኩ። አንዲት ወጣት ቲኬቱን አይታ ከእኔ ይልቅ እሷ ደስ አላት። መጀመሪያ ለማን እንደነገርኩ ጠየቀችኝ። ለማንም አልኳት። ሚስት? ልጅ? ለማንም። ፈገግታዋ ትንሽ ቀነሰ። ፎርም ሰጠችኝ።

ፎርሙ ቲኬቱን ስገዛ ማን አብሮኝ እንደነበር ይጠይቃል። «ማንም አልነበረም» ብዬ ጻፍኩ። ይሄ ስንተኛ ውሸቴ እንደሆነ ላስታውስ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ቲኬቱንም ፎርሙንም ሳላስረክብ ይዤ ወጣሁ። ጸጸት ነው ለማለት አፍራለሁ። ደክሞኝ ነበር።

ቅዳሜ

ጄን ኤንድ ፊንች ሄድኩ። በሩን ሊዲያ ከፈተችልኝ። አልማዝ ሶፋው ላይ ልብስ ታጥፋለች። ሳልቀመጥ ነገርኳት፣ ሁሉንም።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አለችኝ።

«ሚያዝያ።»

«ከሽማግሌዎቹ በፊት?»

«በፊት።»

የትራስ ልብሱን አጥፋ ጨረሰች። አስቀመጠችው። «ስድስት ወር ሙሉ» አለች፣ «ሐበሻ ሳይ መንገድ እሻገራለሁ።»

ቲኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አላየችውም። በስልኳ ፎቶ ያነሳችው ሊዲያ ናት።

«ስለ ቲኬቱ ጠበቃዬ ታናግርሃለች» አለች አልማዝ። «አንተ ግን ነገ ትመጣለህ። እዚያው፣ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ያልከው ውሸት መሆኑን ትናገራለህ።»

እመጣለሁ አልኳት።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ፣ ታች አዳራሹ ውስጥ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ነበሩ። አልማዝ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፣ ሊዲያ አጠገቧ። ዋሽቻለሁ አልኩ። ዓይኔ ምንም አላየም። ሎተሪ ደርሶኝ ነበር፣ ላካፍላት ስላልፈለግሁ ነው። ስናገረው በጣም አጭር ነበር።

አንደኛው ሽማግሌ «ስንት ነው?» አሉ። ጋሽ በቀለ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና አልማዝ ፊት ሄደው ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ እኛም አምነነው ነበር። ይቅር በይን።»

ያኔ አለቀሰች። በትዳራችን እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ምሳ ሲያዘጋጁ የነበሩት ሴቶች ከማዕድ ቤት እጃቸውን እየጠረጉ መጡ፣ ይዘዋት ወደ ምሳው ሄዱ። እኔን ማንም አልጠራኝም፣ ማንም ውጣም አላለኝም። ጋሽ በቀለ ብቻ ሲያልፉ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

ጠበቃዋ ነገ ትደውላለች። ምን እንደሚከተል አላውቅም። ሊከሱኝ ይችላሉ።

ኤግሊንተን ላይ ከአውቶቡስ ስወርድ ራበኝ። ከጃማይካዎቹ ሱቅ ፓቲ፣ የእነሱን የሥጋ ሳምቡሳ፣ ገዛሁ። ትኩስ ነበር፣ ምላሴን አቃጠለኝ። መንገዱ ዳር ቆሜ ጨረስኩትና ተመልሼ ገብቼ ሌላ ገዛሁ።