«ቦይ ውስጥ ተኙ» ላሉን ለጓድ ቦጋለ የቀረበ ምስጋና

መጋቢት 9 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለእሳተ ገሞራ አደጋ ዝግጁነት የሕዝብ ትምህርት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለጓድ ቦጋለ
ጉለሌ

ክቡር ጓድ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ደረትዎን አየር ሳያጥረው፣ ከቤተሰብዎም አንድ ሰው ሳይጎድል ይህች ደብዳቤ እንድታገኝዎ እመኛለሁ። ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ የምሸጠው ጀዊሪያ ሸፊ ነኝ፤ ባለፈው ጥር ከአጎቴ ከአቶ ጀላል ጋር ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ደብዳቤውን በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ በእጄ ባመጣው ጸሐፊዎ «ጓድ ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ እንዳትመልሰኝ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ያልተቆጠረ ነገር ስለማይወድ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ አቀባበልዎ። አጎቴ በስተርጅና ከቆላ አገራችን ሁለት ቀን ተጉዘው የመጡት፣ ከመንደሩ በላይ ያለው የእሳት ጋራ ጠባዩን ስለለወጠ ነበር። የጉድጓዱ ውሃ ለብ ብሏል፣ መሬቱ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ነፋሱም ድኝ ድኝ ይሸታል ብለው፣ አዋቂ ሰው እንዲልኩላቸው ለመኑዎት። እርስዎም ሽማግሌውን እንዳቆሟቸው በትዕግሥት አዳመጡ፤ የመንደሩ ትምህርት በዕቅድ የተያዘው ለመጪው ዓመት መሆኑን አስረድተው፣ እስከዚያው ይበቃቸዋል ያሉትን አንድ እስር ወረቀት ሰጡን። የእሳት ጋራ በሌለበት በጉለሌ ግን ትምህርቱ በየእሑዱ በግዴታ ይሰጥ ስለነበር፣ እኔ ስድስት እሑድ ተምሬ ምስክር ወረቀት አለኝ።

2ኛ/ ስለ ወረቀቱ። ሥዕሉ ቦይ ውስጥ በሆዱ ተኝቶ ጭንቅላቱን በእጁ የሸፈነ ሰው ነው፤ ጽሑፉም «ፍንዳታ ሲሰማ ፈጥነው በቅርብ ባለ ቦይ ውስጥ ይተኙ» ይላል። ሳነብላቸው አጎቴ ደነገጡ። «ጌታዬ፣ የእሳት ጋራ ትንፋሹ ከባድ ነው፤ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። አባቶቻችን ነፋሱ ወደሚመጣበት ዞራችሁ ወደ ከፍታ ውጡ ነው ያሉን» አሉዎት። እርስዎም ፈገግ ብለው «አባባ፣ ይህ በባለሙያ የተጠና ነው፤ ያንተ ግን አጉል እምነት ነው» አሏቸው። እውነትም ተጠንቷል፤ የተጠናው ግን ለአየር ድብደባ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ የድሮውን መመሪያ አንሥቶ ርእሱን ብቻ ሲለውጥ፣ አራተኛው መስመር ላይ «አውሮፕላኑ እስኪያልፍ ድረስ» የሚለውን መሰረዝ ረስቷል።

3ኛ/ ስለ እህቴ ስለ ኡሙሀኒ። ይህ ቁጥር ይረዝማል፤ ይታገሱኝ። አጎቴ እስሩን መንገድ ላይ ሊጥሉት ነበር። «የመንግሥት ወረቀት ነው፣ የተማሩ ናቸው፣ ያውቃሉ» ብዬ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። እህቴ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ፣ ከመንደሩ ሴቶች ማንበብ የምትችል እሷ ብቻ ነበረች፤ ስለዚህ በላይኛው ወረቀት ጀርባ «እህቴ፣ ለጎረቤት ሁሉ አንብቢላቸው» ብዬ ጻፍኩላት። እሷም ቤት ለቤት እየዞረች አነበበች።

የካቲት 14 ቀን ረፋድ ላይ ጋራው ጎኑን ከፈተ። አጎቴ «ወደ ላይ!» ብለው ሲጮኹ የመንደሩ ሰው ነፋሱ ወደሚመጣበት ወደ ማዶው ዳገት ተከተላቸው፤ ኡሙሀኒ ግን አሥር ጎረቤቶቿን ይዛ ወደ መስኖው ቦይ ሮጠች። ከዳገቱ ላይ ሆነው ስሟን ቢጣሩ፣ «አጎቴ፣ እርስዎ ይምጡ እንጂ! የተባለው እዚህ ነው!» ብላ መለሰችላቸው። ከዚያ ወዲያ ድምፅ አልሰሙም። በማግሥቱ ነፋሱ አየሩን ሲያጠራው ወርደው አገኟቸው፤ አሥራ አንዱም በአንድ መስመር፣ በሆዳቸው፣ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ እንዳደረጉ። አንዳቸውንም እሳት አልነካቸውም።

4ኛ/ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሰሌዳ ላይ ስላወጡት ሪፖርት። «ነዋሪው በተሰጠው ትምህርት መሠረት እርምጃ በመውሰዱ አብዛኛው ሕይወት ተርፏል» ይላል። ጓድ ቦጋለ፣ በተሰጠው ትምህርት መሠረት እርምጃ የወሰዱት አሥራ አንዱ ናቸው! የተረፉት እርስዎን ያልሰሙት ናቸው!

ትሕትናዬ እዚህ ላይ አለቀ። ወረቀቱ ዛሬም ወደ ሌሎች የቆላ መንደሮች እየተጫነ ነው። ያስመልሱት። ዛሬውኑ ያስመልሱት። እህቴን ወደ ቦዩ የላካት የእኔም የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ፣ ድርሻዬን አላህ ፊት እስክቆም እሸከመዋለሁ፤ የእርስዎን ድርሻ ግን የሚሸከምልዎ ጸሐፊ ያለ አይመስለኝም።

ወንበርዎ ይደላዎ ዘንድ፣ ምድርም ከእግርዎ ሥር ጸንታ ትኖርልዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ከከበረ ሰላምታ ጋር፣

የስድስት እሑድ ተማሪዎ
ጀዊሪያ ሸፊ

ማሳሰቢያ፦ ከመንደሩ የተረፉትን ሰዎች፣ ከጽሕፈት ቤትዎ አስተማሪ እንዲላክላችሁ ልጠይቅ ወይ ብዬ በአጎቴ በኩል አስጠይቄያቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩና «እግዜር ይስጥልን፣ ጋራው ይበቃናል» ብለው ልከዋል።