ሶኬቱ ላይ የተኛችው ልጅሽ

ልጄ፣ ሆዴ፣ ሰላምታዬ ከደጅሽ እስከ ጓዳሽ ይግባልሽ። እንዴት ነሽ? ወገብሽስ ለቀቀሽ? ባልሽ አሁንም ሲያንኮራፋ ጣሪያ ያነሳል? እኔ የፊት ጥርሴ ቢረግፍም ምላሴ ቦታው ላይ ነው፤ የጥርሱን ነገር እመጣበታለሁ። ልጅሽም በሕይወት አለች። በሕይወት ያልኩት ወድጄ አይደለም፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እኔ ወለል በምወለውልበት ልብስ ፋብሪካ ልጅሽ ስዊች የሚሉትን ነገር ታድስ ነበር። ማብሪያ ማጥፊያ እንዳይመስልሽ፤ እኔም መስሎኝ ተስቆብኛል። ኮምፒውተሩን ሁሉ እርስ በርስ የሚያነጋግር፣ ሽቦ እንደ ጸጉር የበቀለበት የብረት ሳጥን ነው። ሆዱ ውስጥ ያለውን አሮጌ ሶፍትዌር አውጥታ አዲስ ትጭንለታለች። እየተጫነለት መብራት ከተቋረጠበት አለቀለት፣ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል አለችኝ።

ያ ሊያገባት ያለው፣ አንቺ ወርቅ ነው ያልሽው የፈረቃ አለቃ፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ ሲቆምበት እንዳበደ በሬ ዘሎ ገባ። ነቅዬ ልሰካው፣ ይነሳል አለ። ከነቀልከው ይሞታል፣ ትንሽ ታገስ ብትለው በጥፊ አጮላት። እሷ ሳጥኑ የተሰካበት፣ ወለሉ ላይ ያለው ሶኬት ላይ በደረቷ ተኛችበት። ጸጉሯን ጨምድዶ ግንባሯን ከብረቱ ጋር አላተመው። አሁንም አልነሳ ስትለው የበሩን መቀርቀሪያ አንስቶ ክንዷን መታት። እዚያው ወለል ስወለውል ነበርና ሲሰበር ሰማሁት ልጄ፣ እንደ ደረቅ እንጨት ነው የጮኸው። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

እኔማ ምን እጠብቃለሁ? በመወልወያው እንጨት ማጅራቱን አልኩት። ዞሮ በክርኑ ሲለኝ ጥርሴ እዚያው ቀረ። ደግሜ ጉልበቱን ስለው ተዘረረ፤ ባልዲውን ከነእጣቢው አናቱ ላይ ደፋሁት። ዘበኞቹ የመጡት ያኔ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሳጥኑ ግን መብራቱን ብልጭ ብልጭ እያደረገ ተነሳ። ልጅሽ ደሟን እየጠረገች በአንድ እጇ ፈተሸችው።

ትናንት ብርቱካን ይዞ መጣ። ንዴት ነው፣ እናቷ እንኳ በስልክ ይቅር ብላኛለች፣ ሠርጉ አይቅር አለ። ልጅሽ ክንዷ በጄሶ እንደታሰረ ቀና ብላ አየችው።

"ለሳጥን ታገስ ብልህ ክንዴን ሰበርክ። ልጅ ሲያለቅስብህ ምን ልትሰብር ነው?" አለችው።

እኔ ብርቱካኑን ተቀብዬ በሩን ዘጋሁበት።

ባልሽን ሰላም በዪልኝ። ወንድሟ ልደብድበው ብሎ አውቶቡስ እንዳይሳፈር፤ እኔ ጨርሼለታለሁ። የትንሿን ልጅሽን ጉንጭ ሳሚልኝ። አማትሽንም ባትወደኝም ሰላም በያት። አንቺ ደግሞ እውነት ይቅር ብለሽው ከሆነ፣ የተሰበረው ክንድ ያንቺ አልነበረምና ይቅርታሽን መልሰሽ ውሰጂበት።

እናትሽ
ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከደረጃው ሥር ካለችው ክፍል
ጥቅምት 9 ቀን