ልቤን ያየሁበት ሳምንት

እሑድ
ጉንጬ ሞላ! መስታወት ፊት ቆሜ በጣቴ ጫን ጫን አደረግሁት። የኔ ነው። ሱብሃነላህ፣ ሽንብራ የማታክል ክኒን ሰውን እንዲህ ትለውጣለች!

ያመጣችልኝ ኢህሳን ናት፤ ሱዳናዊት ናት፣ ነርሲንግ አብረን ነው የምንማረው። አምና ከኔ አትሻልም ነበር፤ ዘንድሮ ስትገባ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያያታል። ክኒኑን የገዛችው ገበያ ውስጥ ቅባትና ሽቶ ከምትሸጥ ሴት ነው። በላስቲክ የተቋጠረ ነው፣ ስም የለው፣ ወረቀት የለው።

እዚህ ሱዳን ቀጭን ሴት ታሳዝናለች። «ሐያት፣ አሞሻል እንዴ?» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ዛሬ እማ፣ ሪያድ ሰፈር ከምትሠራበት ቤት ስትመለስ፣ አገላብጣ አየችኝና «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ሥጋ አወጣች!» አለች። ስለ ክኒኑ አልነገርኳትም።

ሰኞ
ረሃቡ ጉድ ነው። ሳህን ሙሉ ፉል በላሁ፣ ከዚያ የኢህሳንን ግማሽ። ካፍቴሪያው ውስጥ ግማሹ ልጅ ለመክሳት ሎሚ በሙቅ ውሃ ይጠጣል፣ ግማሹ ለመወፈር አብሽ በወተት። ባለው የረካ አንድም ሰው አላየሁ።

ራሴን ያመኛል። ቁርጭምጭሚቴ አብጧል፣ ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል። ኢህሳን «እሱም ውፍረት ነው፣ ያላ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ግን ደስ አላለኝም።

ማክሰኞ
ነገ የልብ አልትራሳውንድ እናያለን። የሚያስተምሩን ሴት ሐኪም፣ ዶክቶራ፣ አልጋው ላይ የሚተኛ ሰው ፈለጉ። ክፍሉን ቃኙና «ሐያት፣ አንቺ ሁኚ። ቀጭን ሰው ላይ ልብ ጥርት ብሎ ይታያል» አሉ።

ይሄን ሁሉ ውጬ አሁንም ቀጭኗ!

ረቡዕ
እንዴት ብዬ ልጻፈው?

የሴቶቹ ቡድን ብቻ ነበርን። መጋረጃው ተዘጋ። ዶክቶራ ቀዝቃዛ ቅባት ቀቡኝና መሣሪያውን ደረቴ ላይ አሳረፉ። መጀመሪያ ግራጫ ጭጋግ ብቻ ነበር። ከዚያ ጭጋጉ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ልቤ።

እንደ ቅጠል የሳሱ በሮች አሉት። ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ደግሞ ይከፈታሉ። አላዘዝኩትም። እናቴ ሆድ ውስጥ ሳለሁ ጀምሮ አንዴም አላረፈም። መስታወት ፊት ራሴን ስረግም ሁሉ እሱ እዚህ ሆኖ ይሠራልኝ ነበር። አንዷ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ስትል ሰማሁ። እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ።

ስነሳ ራሴ ዞረ። ዶክቶራ የደም ግፊቴን ለኩ፣ ደግመው ለኩ። ልጆቹን አስወጡና ቁርጭምጭሚቴን ተጫኑ።

«ምን እየወሰድሽ ነው?»
«ምንም።»

ቁርጭምጭሚቴ ላይ የቀረውን ጉድጓድ በጣታቸው አሳዩኝ። ነገርኳቸው።

«ይሄ ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው» አሉ። «ኮርቲዞን የሚባለው፣ ሰውነት ውስጥ ውሃ የሚቋጥር መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም። በድንገት እንዳታቆሚው፣ ማቆሙም ይጎዳል። ነገ እናትሽን ይዘሽ ነይ።»

ሐሙስ
ለእማ ጠዋት ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ቁጭ አለች። «አጥንት ብቻ ሆንሽ እያልኩ እኔ ነኝ ያስዋጥኩሽ» አለች። መጮኋ ይሻለኝ ነበር።

ከአሠሪዋ ፈቃድ ጠይቃ አብራኝ ሄደች። ደም ሰጠሁ። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እየቀነስኩ የማቆምበትን መንገድ ዶክቶራ አስረዱን። ልንወጣ ስንል እማ በሩ ላይ ቆመች። «ዶክቶራ፣ ያ ልቧን ያየችበት ነገር... እኔም ልየው?»

እንደገና ተኛሁ። እማ ስክሪኑን እንጂ እኔን አላየችም። «ሆዴ ውስጥ ስትረግጪኝ አውቅሻለሁ» አለች ቀስ ብላ፣ «እንዲህ ግን አይቼሽ አላውቅም።» እጄን እስከ መጨረሻው አልለቀቀችም።

ቅዳሜ
ኢህሳን ቤት፣ ቡሪ ሰፈር ሄድኩ። ሠርጓ ደርሷል። ሁሉንም ነገርኳት። ተቆጣች። «ሙሽራ ሆኜ እንደ እንጨት ልቁም?» አለችኝ። አልተከራከርኩም። እጇን ይዤ ደረቷ ላይ አስቀመጥኩትና ስለነዚያ በሮች ነገርኳት። እጇን አልወሰደችም።

አሁን ደወለች። ዶክቶራ ነገ እሑድ ሥራ ሲገባ ይገኙ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ኢንሻላህ» አልኳት። ትመጣ ይሆን?